ሰው ሰላምታ ያሳጠረባት ሴት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሚኒባስ ውስጥ እንኳ ሰላም የለኝም። ከመርሳ ወደ ወልድያ ስሳፈር የሚያውቀኝ ሰው አይጠፋም፤ አጠገቤ ይቀመጥና ሲሪንቃ ሳንደርስ ነገር ይጀምረኛል። «ሲስተር ጦይባ፣ ሰው ገና በበር ሲገባ ያለበትን ታውቂዋለሽ አሉ። እስኪ እኔን እዪኝ፤ ምን አለብኝ?» ይለኛል። «አንተማ ያለብህ ወሬ ነው» እለዋለሁ። ይሥቃል፤ ግን አይለቀኝም። ስንት ዘመን የለፋንበትን የአእምሮ ሕክምና ሰዉ ዛሬም ከጥንቆላ አልለየውም። አንድ ሰው ዓይኑን ጨፈን አድርጎ «ይኸ ነው ያለብህ» እንዲለው ነው የሚፈልገው።

አንዴ ተናግሬ ልገላገል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ሰው በበር ሲገባ ያለበትን አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ከሰው አጠገብ ተቀምጬ የተማርኩት ማየትና መጠበቅን ነው፤ እሱንም ያስተማሩኝ ዶክተር ምንተስኖት የሚባሉ ሰው ናቸው። አሁን እሳቸውም አርጅተው ሥራውን ለወጣቶች አስረክበዋል። እንደሳቸው ሰውን አይቶ የሚያነብ አላየሁም። እሳቸው ግን አንድም ቀን «አውቃለሁ» ሲሉ አልሰማኋቸውም።

የተወለድኩት ሀብሩ ውስጥ ነው፤ ሥራ የጀመርኩትም እዚያው መርሳ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። ያኔ ነርስ ማለት ሁሉም ነገር ማለት ነበር። ቁስል ታጥቢያለሽ፣ ትከትቢያለሽ፣ ታዋልጃለሽ፣ ሲመሽ መሬቱንም ትወለውያለሽ። በኋላ ለአእምሮ ሕክምና ሥልጠና ፈቃደኛ ሲጠየቅ ማንም እጁን አላነሣም። እኔ ያነሣሁት ከቁስል ማጠብ ያሳርፈኛል ብዬ ነው፤ ሌላ የረቀቀ ምክንያት አልነበረኝም። እናቴ ስትሰማ «ምነው ልጄ፣ ሌላ ትምህርት ጠፍቶ ነው?» አለችኝ። ጎረቤቱ ደግሞ «የእብድ ነርስ» አለኝና ስሙ ወጣልኝ። ደመወዙን ባንነጋገርበት ይሻላል።

የመጀመሪያው አለቃዬ ደግ ሰው ነበር፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ግን ያመዋል። በሽተኛው ወንበሩን ሳይስብ «እንቅልፍ እንዴት ነው? ምግብ ትበላለህ? ድምፅ ይሰማሃል?» ብሎ፣ መድኃኒቱን ጽፎ ቀጣዩን ይጠራል። አልፈርድበትም፤ በረንዳው ሞልቶ የሚጠብቀው ሰው ነው። መድኃኒቱም ብዙ ሰው አድኗል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። አንዳንዱ ሰው ግን በየወሩ እየመጣ፣ ክኒኑን እየዋጠ፣ እንደመጣው ይመለስ ነበር። ምን እንደጎደለ ባላውቅም አንድ ነገር እንደጎደለው ይታወቀኝ ነበር።

ዶክተር ምንተስኖት ወልድያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ሲከፍቱ የመንግሥት ሥራዬን ትቼ ገባሁ። ዘመዶቼ «ሥራዋን ለቅቃ ወሬ ልትሰማ ሄደች» ብለው ሣቁብኝ። ዶክተር ውጭ አገር ብዙ ዓመት ተምረው ሳይኮአናሊሲስ የሚባለውን ሕክምና ይዘው ነው የመጡት። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሰው ራሱ ያላወቀው ነገር ሆዱ ውስጥ ይቀመጥና በሌላ በኩል ይወጣል፤ በእጅ መንቀጥቀጥ፣ በእንቅልፍ ማጣት፣ በማይድን ራስ ምታት። ሐኪሙ እያየና እየሰማ አብሮት ይቆያል፤ ሰውየው እየተናገረ ራሱ እዚያ ነገር ላይ ይደርሳል።

መጀመሪያ ላይ እንደተማሩት አንድ ረዘም ያለ ሶፋ አስገብተው ነበር። በሽተኛው ይጋደማል፣ ሐኪሙ ከራስጌው ይቀመጣል። የመጀመሪያው ሰውዬ ከጉባ ላፍቶ የመጡ ገበሬ ነበሩ። «ይጋደሙ አባባ» አልኳቸው። ተጋደሙና ቀበቷቸውን ፈተው «በየትኛው በኩል ነው የምትወጉኝ?» አሉ። ዶክተር ሣቃቸውን ውጠው «ዛሬ መርፌ የለም አባባ፤ ወግ ብቻ ነው» አሏቸው። ገበሬው ተነሥተው ቁጭ አሉ። «ለወግማ ምን ያስተኛኛል?» አሉ። ሶፋው በዚያው ሳምንት ወጣ።

በምትኩ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ተደረገ፤ ፊቱ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ማዶ ተራራው። የኛ አገር ሰው የልቡን የሚያወራው መደብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ዓይኑን ማሳው ላይ ጥሎ ነው፤ ፊት ለፊት ካፈጠጡበት ይዘጋል። «ሶፋውም የተፈለገው ለዚሁ ነበር እኮ፤ ዓይን ለዓይን ላለመተያየት» ብለውኛል ዶክተር። እኔ፣ በሽተኛው ከፈቀደ፣ ከኋላ ጥጉ ላይ እቀመጣለሁ። ዝም ማለት ነበር ሥራዬ፤ ለኔ ደግሞ እሱ ምን ያህል እንደሚከብደኝ የሚያውቁኝ ያውቃሉ።

ጠዋት ጠዋት ዶክተር መስኮቱ አጠገብ ቆመው በሽተኛ ከግቢው በር እስከ በረንዳው እንዴት እንደሚመጣ ያያሉ። ማን እንደቀደመ፣ ማን እንደተከተለ፣ ጥበቃውን ሰላም ብሎ ይሁን ሳይል። ከምንም በላይ የሚጠብቁት ግን ሰውየው ሊወጣ ተነሥቶ፣ እጁ የበሩን እጀታ ከያዘ በኋላ የሚናገረውን ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ጨጓራው ሲያወራ የቆየ ሰው፣ በሩን ከፍቶ «ሚስቴም ሄዳለች፣ ያው» ይልና ይወጣል። ዶክተር ያን ጊዜ ዓይናቸው ይበራል። አይጠሩትም፣ አይመልሱትም። «ራሱ ይዞት ይመጣል» ይላሉ፤ እውነትም ይዞት ይመጣ ነበር።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ የኔ ፈተና ይጀምራል።

«ጦይባ፣ ምን አየሽ?»

«አዝኗል።»

«ሐዘን አይታይም። ምን አየሽ?»

«ስለ ሚስቱ ሲያወራ ጋቢውን እስከ አገጩ ሳበ።»

«እሺ። ሌላስ?»

«በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ሴትየዋ ነው የሚላት።»

«ጥሩ። አሁን ደግሞ ቀልብሽ ምን አለሽ?»

እኛ ዘንድ ሰው ሳይነግርሽ ውስጥሽ ሲያውቅ «ቀልቤ ነገረኝ» ይባላል። ዶክተር ከውጭ ይዘውት የመጡትን ረጅም የፈረንጅ ቃል ትተው ይህንኑ ያዙ። ያየሁትንና ቀልቤ የነገረኝን ካቀላቀልኩባቸው እንደገና ያስጀምሩኛል። «ቀልብሽ የነገረሽን አትጣዪው፤ ግን አትመኚውም። ዓይንሽ አንድ ነገር እስኪያገኝለት አስቀምጪው» ይሉኝ ነበር። ሦስተኛም ጥያቄ ነበራቸው፤ ሰውየው ሲናገር አንቺን ምን አደረገሽ የሚል። አንድ ቀን በሽተኛው እያወራ እንቅልፍ ወሰደኝ ልል ምንም አልቀረኝም፤ አፈርኩ። ዶክተር አልተቆጡኝም። «ቤቱም እንደዚሁ ያስተኛቸው እንደሆነስ? እንዳይሰማ አድርጎ መናገር ለምዶ ይሆናላ» አሉ። እውነትም ልጅ ሆኖ ሲናገር የሚደበደብ ሰው ነበር፤ ይህን የነገረን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እኔ በእንቅልፌ አፍሬ ልደብቀው የነበረውን፣ እሳቸው የሥራ መሣሪያ አደረጉት። ያን ቀን ነው ይህን ሥራ የወደድኩት።

ይህን ሁሉ የሚያውቁት ዶክተር አንድ ጊዜ ክፉኛ ተሳሳቱ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ሲጀምር ቀኝ እጁ የሚንቀጠቀጥበት አንድ መምህር ነበር። ተማሪ ፊት ማፈር ሰልችቶት ሥራውን ሊለቅ ደርሷል። ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለ አባቱ አነሣ፤ በጅራፍ ነው ያሳደጉት። ሲያወራ ቀኝ እጁን በግራው ጨምቆ ያዘ። እኔም አየሁ፣ ዶክተርም አዩ። ደክሟቸው ይሁን፣ ነገሩ ፍንትው ሲልላቸው ደስ ብሏቸው ይሁን አላውቅም፣ «ይህ እጅ አባትዎን መምታት የፈለገ እጅ ነው» አሉት። መምህሩ ተነሥቶ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፤ «አመሰግናለሁ ዶክተር» ብሎ ወጣ። ተመልሶ አልመጣም። ማስተማሩንም እንደተወ ቆይተን ሰማን።

«ትክክል ነበሩ እኮ» አልኳቸው፣ ላጽናናቸው ብዬ።

«ትክክል መሆኔ ምን ጠቀመው? ራሱ ሊደርስበት መንገድ ጀምሮ ነበር። ሮጬ ቀደምኩትና ከእጁ ነጠቅኩት» አሉኝ።

ብዙ ሐኪም ሲሳሳት «በሽተኛው አልተባበረም» ብሎ ያልፋል። እሳቸው ግን ከኛ ጋር የሚሠሩትን ጠርተው፣ የሰውየውን ስም ሳያነሡ፣ የሠሩትን ስሕተት አንድ በአንድ ነገሩን። ወደኔም ዞረው «ከእንግዲህ ቀልቤ የነገረኝን እዚያ ወንበር ላይ ስዘረግፍ ካየሽኝ ጉሮሮሽን ጠርገሽ ሳዪብኝ» አሉ። እውነት መስሎኝ አልነበረም፤ ግን በኋላ ሁለት ጊዜ ስዬባቸዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዝም ብለዋል። መምህሩን ከዓመታት በኋላ ወልድያ ገበያ አዩትና መንገድ ተሻግረው ሰላም ሊሉት ሄዱ። ፊቱን አዞረባቸው። እዚያው መንገዱ ዳር ቆመው ቀሩ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስንመለስ ክሊኒኩ በርም መስኮትም አልነበረውም። ሁለቱን ወንበሮች አንድ ጎረቤት ቤቱ ወስዶ አቆይቶልን ነበርና በርና መስኮቱን አስጠግነን በእነሱው ጀመርን። ሰዓዳ የመጣችው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሰዓዳ እኩያዬ ናት፤ ከመርሳ ወጣ ብላ ያለች፣ ባሏ የሞተባት ገበሬ። ታናሽ ወንድሟ እንድሪስ ደግፎ አስገባት። ምግብ አልወርድ ብሏታል። እንጀራው አፏ ውስጥ ይዞራል፣ ይዞራል፣ በመጨረሻ ትተፋዋለች። አጥሚትና ወተት ብቻ ጠብ ጠብ እያደረገች ነው የምትኖረው። ጉሮሮዋን በመሣሪያ አይተው ምንም የለም ብለዋታል። ቀሚሷ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። እንዲህ ከቀጠለች በቱቦ መመገብ ግድ ነው ተብሎ ተነግሯቸዋል፤ እሷ ደግሞ «ቱቦ ከሚገባብኝ ልሙት» ብላለች። እንግዲህ የቀራት ጊዜ ትንሽ ነው፤ ይህን እሷም እኛም እናውቅ ነበር።

ያን ቀን እሷ አፏን ከመክፈቷ በፊት እንድሪስ ይመልሳል። ዶክተር «ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?» ቢሏት «ብቻዋን ናት። ሰይድ የሚባል አንድ ልጅ አላት፤ ሳውዲ ነው፤ ደህና ነው» አለ። ሰዓዳ መስኮቱን ታይ ነበር።

ሲወጡ እንደተለመደው ተጠየቅኩ።

«እንድሪስ፣ ማንም ሳይጠይቀው ልጁ ደህና ነው አለ» አልኩ።

«ቀልብሽስ?»

«ይጫናታል። ትፈራዋለች።»

ዶክተር «እኔ ከጎኗ ስቀመጥ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ» አሉ። «ፍርሃት አይመስለኝም። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።»

በሌላው ቀን እንድሪስ ውጭ እንዲጠብቅ ለመኑት። ሰዓዳ ስለ ላሟ አወራች፣ ስለ ዝናቡ አወራች። ልጇ ስልኩ ተበላሽቶበት በእንድሪስ በኩል ሰላምታ እንደሚልክላት ነገረችን። ዶክተር «ምግቡ እምቢ ያለዎት ከመቼ ወዲህ ነው?» አሏት።

«ከመውሊድ ወዲህ።»

«መውሊድ ላይ ምን ነበር?»

«ምንም። ሰው መጣ፣ ዱአ ተደረገ፣ በሉ፣ ሄዱ።»

ከዚያ በላይ አልሄደችም። ስትወጣ ግን በሩን ይዛ ቆመችና «ዶክተር፣ ዘንድሮ ሰው ሰላምታ አሳጥሮብኛል» አለች። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ዶክተር ያለችውን ቃል በቃል አስደገሙኝ። «ከጎረቤት ተጣልታ ይሆናል» አልኩ። «ይሆናል» አሉ፤ እሳቸው «ይሆናል» ካሉ አልተስማሙም ማለት ነው። «ቤታችሁ ወደዚያው ስለሆነ ወደ መርሳ አብራችሁ አይደል የምትሄዱት? ምንም እንዳትጠይቂያት። እዪ ብቻ።»

እንድሪስ ወልድያ ጉዳይ ስለነበረው እኔና ሰዓዳ ብቻችንን ሄድን። መርሳ ስንወርድ የገበያ ቀን ነበር። ከመኪናው እንደወረድን አንዲት ጎረቤቷ አገኘቻት። የኛን አገር ሰላምታ ታውቁታላችሁ፤ ሰው በስሙ እየተጠራ ነው የሚጠየቀው፣ ከብቱ ሳይቀር። «እንዴት ነሽ ሰዓዳ? ጤናሽስ? እንድሪስ ደህና ነው? ልጆቹስ? ላሚቱስ ወለደች?» አለች ሴትየዋ። ደረቷ ላይ አጥብቃ አቀፈቻት፤ ከዚያ «በይ አላህ ይማርሽ» ብላ ሄደች። ትንሽ ራመድ ስንል አንድ ሰውዬ ደግሞ ሰላም አላት፤ እሱም እንደዚሁ፣ ላሚቱ ድረስ። ሦስተኛዋም እንደዚያው። ሰዓዳ በየሰላምታው መጨረሻ ትንሽ ትቆማለች፣ ሰውየው ያልጨረሰው ነገር እንዳለ ሁሉ። ከዚያ ምራቋን ልትውጥ ትሞክርና አንገቷ ይገተራል።

ያኔ ገባኝ። ልጇ ባሕር ማዶ ያለን እናት ሰው ሰላም ሲል መጀመሪያ የሚጠይቃት «ልጅሽ ደወለ ወይ?» ብሎ ነው። ስለ ላም እየተጠየቀ ስለ ሰይድ የጠየቃት አንድም ሰው የለም። እኛ አገር ሞት እንደተሰማ አይነገርም። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ቀኑ ተመክሮበት፣ ማልዶ ቤት ድረስ ተሄዶ ነው መርዶ የሚነገረው። እስከዚያ ቀን አገር ሁሉ ያውቃል፣ የሞተባት ብቻ አታውቅም። ሰዉ ልጇን በሕይወት እንዳለ አድርጎ መጠየቅ ከብዶት ስሙን ከሰላምታው አውጥቶታል፤ እሷ ደግሞ ሰላምታው የጎደለበትን ቦታ እያንዳንዱን ቀን ስትሰማ ከርማለች።

በማግስቱ ለዶክተር ነገርኳቸው። እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አደረጉ፤ ያደረጉትን የሚያውቁ አይመስለኝም።

«እንንገራትና እንገላግላት» አልኩ።

«ልጁ በሕይወት ካለስ?»

«ኧረ ዶክተር፣ ቀልቤ…»

ሳሉብኝ። መሣቅም መናደድም አማረኝ።

«ምናልባት ልክ ነሽ» አሉ ቀስ ብለው። «ልክ ብትሆኚም መርዶው የኛ አይደለም። አንድ ጊዜ ከሰው እጅ ነጥቄያለሁ፤ አይበቃኝም?»

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሰዓዳ ስትመጣ ይባስ ብሎ ወደኔ ዞረች። «ጦይባ፣ አንቺ ያገሬ ልጅ ነሽ። ሰው የሚሸሸኝ ምን አድርጌ ነው?» አለችኝ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ወላሂ ምላሴ ላይ። ጥርሴን ነክሼ ወደ ዶክተር አየሁ። እሳቸው ከመስኮቱ ዓይናቸውን ሳያነሡ «ምን ያደረጉ ይመስልዎታል?» አሏት። «እኔ ያደረግሁት ነገር የለም። አንድ ነገር ሆኗል» አለችና እንባዋ ወረደ። ከመጣች ጀምሮ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ነው። ዶክተር መሐረባቸውን ሰጧት፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። እኔ ብሆን ተናግሬው ነበር፤ ያን ዝምታ የቻሉት እሳቸው ስለሆኑ ነው።

እሷን ከኔ ጋር አስቀምጠው ግቢ ወጡ። በመስኮቱ አያቸዋለሁ። እንድሪስ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከጎኑ ተቀመጡ። ያሉትን በኋላ ነገሩኝ። «እንድሪስ፣ ከባድ ነገር ተሸክመህ የምትመላለስ ይመስለኛል» ነው ያሉት፤ ከዚያ አብረውት አስፋልቱን ማየት ጀመሩ። ባጃጅ ያልፋል፣ ሰው ያልፋል። እንድሪስ ፊቱን በጋቢው ሸፈነና ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር።

ሰይድ ሳውዲ ታሞ ሞቷል። አብሮት የነበረው ልጅ ቀብሮት፣ ከመውሊድ በፊት ለእንድሪስ ደወለ። ሽማግሌዎቹ በዓሉ ይለፍና እንንገራት አሉ። ሰው ሁሉ በዓሉን ከሷ ጋር አሳለፈ፤ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ማለት ነው። በበነጋው ምግብ እምቢ አላት። «ትንሽ በልታ አቅም ስታገኝ እንንገራት እያልን ነው ዶክተር። አሁን ብንነግራት በእጃችን ትቀራለች» አለ እንድሪስ። «ሰይድ ሰላም ብሎሻል እያልኩ በገዛ አፌ ሰላምታ እሠራላታለሁ። እሷ ደግሞ ዓይኔን ታየኛለች።» እኔ ይጫናታል ብዬ የጠረጠርኩት ሰው ይኸው ነበር፤ ቀልቤን ያለ ዓይን ብታመነው ኖሮ ጉድ ሠርቼ ነበር።

እነሱ እስክትበላ ይጠብቃሉ፣ እሷ ደግሞ ሳይነግሯት አይወርድላትም። ዶክተር በዚያው ቀን ከእንድሪስ ጋር ወደ ሽማግሌዎቹ ወረዱ፤ እኔም ተከተልኩ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ሼህ ኡመር ዛፍ ጥላ ሥር መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃውን፣ ይዘው ሰሙን።

«ብትሞትብንስ ዶክተር? ተጠያቂው ማነው?» አሉ።

«ዋስትና መስጠት አልችልም ሼህ» አሉ ዶክተር። «ስትነግሯት ምን እንደምትሆን አላውቅም። ሳትነግሯት እየከሳች መሆኑን ግን አያለሁ።»

ሌላ ሐኪም ቢሆን «ግዴላችሁም፣ ትድናለች» ይል ነበር፤ ሰው መስማት የሚፈልገው እሱን ነውና። ሼህ ኡመር ወደኔ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ፣ ምን ትያለሽ?»

«ሰው ሰላምታ አሳጥሮብኛል ብላለች ሼህ» አልኳቸው።

ሙስበሃው እጃቸው ላይ ቆመ። «እኔም ከመውሊድ ወዲህ አግኝቻታለሁ። ሰይድን አልጠየቅኋትም» አሉ። «እንግዲያው አውቃብናለች» አሉና ለነገ ጠዋት ሰው እንዲጠራ አዘዙ።

ጎህ ሲቀድ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሄድን። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ እኔና ዶክተር መጨረሻ ላይ። ሰዓዳ ደጅ ሆና ላሟን ታስር ነበር። ያን ሁሉ ሰው አንድ ላይ ሲመጣ ስታይ ገመዱን ለቀቀችው። ሼህ ኡመር «ሰዓዳ፣ አላህ ሶብሩን፣ ጽናቱን ይስጥሽ…» ብለው ሳይጨርሱ፣ «ሰይድ ነው?» አለች።

«አዎ ልጄ።»

ወዲያው አላለቀሰችም። በሰዉ መሐል እንድሪስን ፈለገችው። ስታገኘው «ምግቡን ብዪልኝ እያልክ ስትለምነኝ፣ ይህን ብቻህን ይዘህ ነው?» አለችው። እንድሪስ ሄዶ አንገቷ ላይ ወደቀ። ከዚያ ነው ያለቀሰችው። ያን ልቅሶ እንዲህ ነበር ብዬ መጻፍ አልችልም። ከመውሊድ ጀምሮ የተጠራቀመ ነበር፤ ሰይድን በስሙ እየጠራች፣ ሴቶቹም አብረዋት እየጠሩት አስለቀሰችን።

ዶክተርን በዓይኔ ፈለግኳቸው። ከወንዶቹ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው፣ አንገታቸውን ደፍተው ጣታቸውን ያፍተለትላሉ። ያን ቀን አብሬያቸው ከሠራሁበት ዘመን ሁሉ አብልጬ አከበርኳቸው። ሴትየዋ እዚያው ብትወድቅ አገር ሁሉ የሚያወግዘው እሳቸውን ነው፤ ይህን አውቀው፣ መኪናቸውን አስነሥተው መሄድ እየቻሉ ተቀምጠዋል።

ረፋድ ላይ ጎረቤት ምግብ ይዞ መጣ። አንዷ ለሰዓዳ አጥሚቱን በኩባያ አቀረበችላት። ሰዓዳ ኩባያውን ገፋ አደረገችና እጇን ወደ ትሪው ሰደደች። ትንሽ እንጀራ ቆርሳ ሽሮውን ነካ አድርጋ ጎረሰች። ወሬው ሁሉ ቆመ። አላመጠች። አንገቷ ተገተረ፣ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ ወረደ። ትንሽ አሳላትና ሌላ ቆረሰች። እንድሪስ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

ቀና ስትል ሁላችንም አፍጥጠንባታል።

«ምን ታዩኛላችሁ? ብሉ እንጂ» አለች።

ዓይናቸውን ከሷ ላይ አንሥተው እጃቸውን ወደ ትሪው የሰደዱት መጀመሪያ ዶክተር ምንተስኖት ናቸው።